ትንሽ ወደ ካናዳ

ላቮን ስኮግስታድ በዚያ ዓመት ወደ በረሃው የወረደችው ብቻዋን ነበር። ከሰሜን ዳኮታ በረዶ ተነስታ እስከ አሪዞና ጠጠር ድረስ ያንን ሰፊ ቤት መኪና ስትነዳ የረዳት ሰው አልነበረም። እርዳታም አልፈለገችም። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። አውቶቡስ ሙሉ የሚንጫጫ ልጅ ጭኖ በበረዶ ላይ ለተጓዘ ሰው፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና አንድ ፍሪጅ ጭኖ በደረቅ አስፋልት መውረድ ሽርሽር ነው ትላለች። አልጋና ምድጃ ቢያንስ እርስ በርስ አይደባደቡም።

የሚሰፍሩበት ሜዳ አልተለወጠም። ከብርድ የሸሹ ጡረተኞች በየዓመቱ ይመጡበታል፤ እያንዳንዱ ቦታውን በድንጋይ ይከባል፣ ድንጋዩን ቀለም ይቀባል፣ በዓመቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካበት ያገኘዋል። የላቮን ድንጋዮች ሰማያዊ ናቸው። ባሏ ቨርሊን ነበር የቀባቸው፤ ለአንድ ጎረቤቱ በር ሲቀባ በተረፈው ቀለም። ቨርሊን አናጢ ነበር። ባለፈው የስንዴ አጨዳ ሰሞን አረፈ።

በእነዚያ ሰማያዊ ድንጋዮች መካከል ቤት መኪናውን ስታቆም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንበሩን አዙሮ ያያት ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሰው መኪና ሲያቆም ማየት የዚያ ሜዳ ሲኒማ ነው። ላቮን የፍሪጁ ግድግዳ ወደ ሰሜን እንዲዞር አድርጋ በአንድ ጊዜ አስገባችው። ፀሐይ እንዳይመታው ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያቆመው። የቀረው ማስተካከል ብቻ ነበር።

ይህ ማስተካከል የሚባለው ነገር በቨርሊን ጊዜ ለጎረቤት ትልቅ ጨዋታ ነበር። ከበሩ ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ውሃ ልክ ተለጥፋለች፤ የጣት ርዝመት ያላት የመስታወት ቱቦ፣ ውስጧ አረንጓዴ ፈሳሽና አንዲት አረፋ ያላት። ቨርሊን ጎማው ሥር በሆዱ ተኝቶ ጣውላ ሲደርብ፣ ላቮን በሩ ላይ ቆማ አረፋዋን ታያለች። እሱ ከታች «ካናዳ ወይስ ሜክሲኮ?» ብሎ ይጮኻል። ካናዳ ማለት ወደ ሰሜን፣ ሜክሲኮ ማለት ወደ ደቡብ ነው። እሷም አረፋዋ የሄደችበትን አገር ትጠራለታለች። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ጩኸት ሲሰማ ስኮግስታዶች መጡ ይላል።

አሁን የሚጮህላት ስለሌለ ሁለቱንም ሥራ ራሷ ሠራች። ጣውላ ታደርጋለች፣ ትነዳበታለች፣ ወርዳ ታያለች፣ እንደገና ትወጣለች። ዴልማር ፊንች መጥቶ አረፋዋን ልይልሽ አላት። ዴልማር ከአይዳሆ የመጣ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ከኋላው ውሃ የሚፈስ ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ላቮን አመስግና መለሰችው። ስትጨርስ አረፋዋ በሁለቱ ጥቁር መስመሮች መካከል፣ ልክ እንብርቷ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ና እስቲ እይ፣ አንተ ቧንቧ» አለችው። «ነፍሱን ይማረውና ቨርሊን አናጢ ሆኖ ሳለ ይህችን አረፋ አንድ ቀን እንኳ መሃል አስገብቷት አያውቅም።»

ዴልማር አይቶ ባርኔጣውን አነሳላት። «ሹፌሯ ለካ አናጢም ነች» አለ።

ላቮን በዚያ ቀን የተሰማት ኩራት ቀላል አልነበረም። ኩራት ደግሞ ያስፈልጋት ነበር፤ ምክንያቱም ከልጇ ከማሪት ጋር የገባችው ውል ነበር። ማሪት ቢስማርክ ከተማ ነርስ ናት። አባቷ ካረፈ በኋላ እናቷ ብቻዋን በረሃ መውረዷን አልወደደችውም፤ እናቷን ግን ስለምታውቃት አትሄጂም አላለቻትም። ያለቻት ሌላ ነው።

«እማዬ፣ መንዳትሽን አልጠራጠርም» አለቻት። «የምጠራጠረው ያንን አሮጌ ፍሪጅ ነው። የስኳር መድኃኒትሽ ከሞቀ ውሃ ማለት ነው። ስመጣ እኔ ራሴ ከፍቼ አየዋለሁ። ከቀዘቀዘ በረዶው እስኪቀልጥ እዚያው ትቆያለሽ። ካልቀዘቀዘ ግን አብረሽኝ ትመለሻለሽ፣ ቤት መኪናውም ይሸጣል።»

ላቮን ወዲያው እሺ አለች። እሺ ያለችው ፍሪጁ በቨርሊን ዘመን አንድ ቀን አስቸግሮ ስለማያውቅ ነው። ልጇን የረታቻት መስሏት ስልኩን ስትዘጋ ትስቅ ነበር።

ፍሪጁ መስነፍ የጀመረው ቦታዋን ይዛ ጥቂት ቀን እንደቆየች ነው። በመጀመሪያ ቅቤው ለስልሶ ቢላዋ ላይ ተኛ። ቀጥሎ ወተቱ ሽታው ተለወጠ። ከዚያ ፍሪዘሩ ውስጥ የነበረው አይስክሬም ካርቶኑን አልፎ ወደ ታች መንጠባጠብ ያዘ፤ ላቮን ይህን ስታይ መድኃኒቷን በሙሉ በፎጣ ጠቅልላ ወደ ዴልማር ሚስት ወደ ኒታ ሮጠች። ኒታ ዝምተኛ ናት፤ አፏን ስትከፍት ግን ቀልዷ ይቆርጣል። ከራሷ ፍሪጅ የባሏን የዓሣ መያዣ ትል አውጥታ በቦታው የላቮንን መድኃኒት አስቀመጠች። ትሉ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ ዴልማር በየቀኑ ይጠይቅ ነበር።

ወሬው ከምሳ በፊት ሰፈሩን አዳረሰ። በዚያ ሜዳ የሰው ጉንፋን ሊደበቅ ይችላል፤ የታመመ ፍሪጅ ግን አይደበቅም። ሁሉም የራሱን ፍሪጅ ታሪክ ይዞ መጣ። አንዱ ከኋላው ትንሽ ቬንትሌተር አድርጊለት አላት፤ አደረገች። ሌላዋ ከፍሪጁ ኋላ ጋዙ በሚነድበት ማቃጠያ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታ ይሆናል አለች፤ በውጭ በኩል ያለው የቆርቆሮ ክዳን ተከፍቶ ሲታይ እውነትም ሸረሪት ነበረች፣ ከነልጆቿ። ድሩ ተጠረገ፣ ነበልባሉም ሰማያዊ ሆኖ ቀጥ አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ቅቤው ግን እንደለሰለሰ ቀረ።

ከካናዳ የመጣው ግሬም፣ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የፍሪጁን መመሪያ አግኝቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ይህ ፍሪጅ ሞተር የለውም። ከኋላው የጥፍር ያህል እሳት ትነድዳለች፤ እሳቷ አሞኒያ ያለበትን ፈሳሽ ታሞቃለች፤ ፈሳሹ በቱቦ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እየዞረም ሙቀቱን ከውስጥ ይዞ ይወጣል። ፈሳሹ አንድ ቦታ ላይ ከተኛ ግን እሳቷ በከንቱ ትነድዳለች። ላቮን ይህን ስትሰማ ገረማት። ለስንት ዘመን ወተቷን በእሳት ስታቀዘቅዝ ኖራለች፤ ቨርሊን አንድ ቀን አልነገራትም።

ዴልማር ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። «እንግዲህ የቧንቧ ጉዳይ ከሆነ ለኔ ተዉት» አለ። በእሱ ግምት ፈሳሹ አንዱ ቱቦ ውስጥ ተኝቷል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የድሮው መድኃኒት ነው፦ ፍሪጁን አውጥቶ በጭንቅላቱ ማቆም። ተገልብጦ ሲያድር የተኛው ይነቃል።

ግሬም መመሪያው ስለ መገልበጥ ምንም አይልም ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ዴልማር መመሪያውን የጻፈው ሰው በረሃ ኖሮ እንደማያውቅ ነገረው።

ማውጣቱ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ጋዙ ተዘጋ፣ ቱቦው ተፈታ፣ ብሎኑ ሁሉ ተፈቶ በኒታ ስኒ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ፍሪጁ በበሩ አልወጣ አለ። በጎኑ ሞከሩት፣ በጀርባው ሞከሩት። ዴልማር ላቡን እየጠረገ ሲገባ እንዴት ገባ ብሎ ጠየቀ። ኒታ ከውጭ ሆና፣ መጀመሪያ ፍሪጁን አስቀምጠው ቤቱን በላዩ ሠርተውበት ይሆናል አለች። በመጨረሻ የፍሪጁ በር ተነቅሎ፣ ሌላ ሁለት ሰው ተጠርቶ፣ እንደ ሙሽራ ታቅፎ ወጣ።

ከቤት መኪናው ጎን በተዘረጋው ዳስ ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈው በጭንቅላቱ አቆሙት። ወዲያው ሆዱ ጮኸ። ጉር፣ ጉር፣ ጉርርር። ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ ጆሮውን እየለጠፈ አዳመጠ፤ እርጉዝ ሴት ከበው ሕፃኑ ረገጠ ወይ እንደሚሉ ዘመዶች። አንዱ ይሰማል አለ፣ ሌላው አይሰማም አለ። የግሬም ውሻ ቀርባ አሽትታ ጮኸችበት። ሲመሽ የተገለበጠው ፍሪጅ ቁመቱ ለጠረጴዛ የሚመች ሆኖ ተገኘና ዶሚኖ ተጫወቱበት። ላቮን በዶሚኖ ታጭበረብራለች፤ ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ምሽት ግን እያዩ ተዉላት። ሆዱ ከሥራቸው በጮኸ ቁጥር ዴልማር በደስታ ጠረጴዛውን፣ ማለት ፍሪጁን፣ መታ መታ ያደርገዋል።

በማግስቱ አቀኑት። ዴልማር ራሱ ባነጠፈው የድንጋይ ወለል ላይ አስቀምጦ ጋዝ ቀጠለለት። እሳቷ ተለኮሰች። ለማየት የሚመጣው ሰው በሩን እየከፈተ ቅዝቃዜውን እንዳያስወጣ ኒታ ወንበሯን ደቅና ዘበኛ ሆነች። በሚቀጥለው ጠዋት ላቮን የበረዶ መሥሪያውን ሣጥን ጎተተች፤ ውሃው ድንጋይ ሆኗል። ጠምዝዛ በረዶውን አንድ ሳህን ላይ ስታራግፈው የተሰማው ድምፅ ከየቤቱ ሰው አወጣ። ዴልማር የሎሚ ጭማቂ አስጨመቀ። ለሁሉም ሰው ሁለት ሁለት በረዶ ደረሰው። ግሬም አንዷን ለውሻው ሰጠ።

ፍሪጁ ተመልሶ ገባ። ላቮን መድኃኒቷን ከኒታ ልታመጣ ተነስታ ነበር፤ ኒታ አንድ ሌሊት ይደርበት አለቻት። ደግ ምክር ነበር። በማግስቱ ቅቤው እንደገና ቢላዋው ላይ ተኛ።

ዴልማር ይህን ሲሰማ ነገሩን በግል ወሰደው። መጥቶ ፍሪጁ ፊት ቆሞ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ውጭ ሲሆን ይሠራል፣ ሲገባ ይሰንፋል። ግሬም ምናልባት በረሃውን ማየት ይወድ ይሆናል አለ። ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም ማሪት ከሁለት ቀን በኋላ ትመጣለች፤ ይህንንም የማያውቅ አልነበረም።

ኒታ ላቮንን ወደ ጥላው ወስዳ አንድ ሐሳብ አቀረበችላት። ከከተማ ሁለት ከረጢት በረዶ ገዝተን ከታችኛው መሳቢያ ብንደብቅ፣ ልጅቷ ስትከፍት ብርዱ ፊቷን ይመታታል፤ ማንስ ይናገራል?

ላቮን ለትንሽ ጊዜ አሰበችበት። አላሰበችበትም ቢባል ውሸት ነው። ያቺን ሜዳ፣ የድንጋዩን ሰማያዊ፣ ጠዋት ወንበር ይዘው የሚወጡትን እነዚህን ሁሉ ሰዎች በሁለት ከረጢት በረዶ መግዛት ከባድ አልነበረም።

«አይሆንም» አለች ኋላ ላይ። «ማሪት ነርስ ናት። የሞተውን ተኝቶ ነው ብትያት ጣቷን አንገቱ ላይ ታደርጋለች።»

ኒታ ክንዷን ያዘቻት።

በማግስቱ ላቮን ስትነሳ ያደረገችው ሲጨንቃት ሁልጊዜ የምታደርገውን ነው፤ ፓንኬክ መጋገር ጀመረች። እዚህ ላይ ስለ ፓንኬኳ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የላቮን ፓንኬክ በሰሜን ዳኮታ የቤተ ክርስቲያን ቁርስ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ክብ ነው፣ በቅርጽ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። በዚህ ዓመት ግን ፓንኬኩ ጠሞባት ነበር። አንድ ወገኑ ወፍራም፣ አንድ ወገኑ ስስና የተቃጠለ፤ ኒታ አንዱን አንስታ አይታ፣ የአይዳሆን ካርታ እየሠራሽልን ነው እንዴ ብላት ነበር። ላቮን መጥበሻውን ጠርጥራለች። መጥበሻው በመንገድ ላይ ወድቆ ጠሟል ብላ አዲስ ልትገዛ አስባለች። የመታጠቢያ ቤቱም በር በራሱ እየተከፈተ ሲያስቸግራት፣ ቨርሊን ነው፣ ሙቅ ውሃውን እንዳልጨርስ እየተቆጣጠረኝ ነው ብላ ስቃ አልፋዋለች።

በዚያ ጠዋት ሊጡን መጥበሻው መሃል አፈሰሰችው። ሊጡ ወደ ሰሜን ሄደ። መጥበሻውን በእጀታው ይዛ ግማሽ ዙር አዞረችው፤ የጠመመው መጥበሻው ከሆነ ሊጡ አሁን ወደ ደቡብ መሄድ ነበረበት። ሊጡ ቆም ብሎ ያሰበ መሰለና ተመልሶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍሪጁ ግድግዳ ሄደ። ከኋላዋ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲጥ ብሎ ወደዚያው ተከፈተ።

«ሁሉም ነገር ወደ ካናዳ» አለች ላቮን ለራሷ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች።

ቨርሊን ጎማው ሥር ተኝቶ፣ ካናዳ ወይስ ሜክሲኮ ሲል፣ እሷ ሜክሲኮ ትላለች፤ ጣውላ ይጨምራል። መሃል ገባች ትለዋለች፤ እሱ ገና ነው ይላል። ሁልጊዜ ገና ነው ይላል። ሌላ ስስ ጣውላ ይጨምራል፣ እሷ ትንሽ ወደ ካናዳ ስትለው፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ «በቃ፣ እዚያው ላይ» ብሎ አቧራውን እያራገፈ ይወጣል። አንድ ጊዜ ለምን መሃል አትተዋትም ብላ ጠይቃው ነበር። እኛ የሰሜን ሰዎች ነን፣ አረፋችንም ወደ አገሯ ትይ አላት። እሷም ቀልድ ነው ብላ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

ምድጃውን አጠፋችና ትልቁን መጋገሪያ ትሪ አውጥታ ትንሽ ውሃ ጨመረችበት። ትሪውን የፍሪጁ ወለል ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ሁሉ ወደ ሰሜኑ ጥግ ተሰበሰበ፤ የደቡቡ ጥግ ደረቅ ሆኖ አበራ። ቀና ብላ በሩ ላይ ያለችውን ውሃ ልክ አየች። አረፋዋ በእንብርቷ ላይ፣ ቅንጣት ሳትዛነፍ ተቀምጣለች።

ያን ጊዜ ቤት መኪናውን የገዙበት ቀን ትዝ አላት። ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። ቨርሊን ቱቦዋን በማስቲሽ ሲለጥፍ ማስቲሹ ወዲያው ያዘ፤ ሊያስተካክላት ሲሞክር አልነቃነቅ አለችው። እሷ ከታች ሆና ቀጥ አለች ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ቱቦዋን አንዴ በጣቱ ገፍቶ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወለል ቀጥ ብላለች አለ። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቤት ሲያቀና የኖረ አናጢ ለገዛ ሚስቱ ውሃ ልክ አጣምሜ ለጠፍኩ አይልም። ከዚያ ይልቅ ካናዳና ሜክሲኮን ፈጠረ።

ላቮን ሳቋን መያዝ አቃታት። ወለሉ ላይ ትሪው አጠገብ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ዓይኗን ጠርጋ እንደገና ሳቀች። ኒታ ድምፁን ሰምታ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለች።

«ምን ነካሽ የኔ ቆንጆ?»

«ባሌ ስንት ዓመት ሙሉ ዋሽቶኝ ኖሯል።»

ኒታ በጥንቃቄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ከማን ጋር?» አለች።

«ከውሃ ልኩ ጋር።»

ዴልማር ሲጠራ እየሮጠ መጣ። ነገሩን ሲረዳ በጣም የተደሰተበት አንድ ነገር ነበር፦ የገለበጠው ፍሪጅ የሠራው ምናልባት መገልበጡ አሽሎት፣ ምናልባትም የእሱ የድንጋይ ወለል ቀጥ ያለ ስለነበረ ነው፤ በሁለቱም ወገን ክብሩ የእሱ ነው። ግሬም መመሪያውን ገልጦ ፍሪጁ በተስተካከለ ቦታ ይቀመጥ የሚለውን አነበበ። ይህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። ለምን ከመጀመሪያው ገጽ አልጀመርክም ሲሉት፣ ሁላችሁም ተስተካክሏል አላችሁኝ አለ። እውነቱን ነው። ዴልማርም አይቶ ባርኔጣ አንስቶላታል።

ላቮን ሞተሩን አስነስታ ትንሽ ወደኋላ አለች፤ ዴልማር በሰሜን በኩል ባሉት ጎማዎች ሥር ስስ ጣውላ ደረበ፤ እሷ ወጣችበት። ከዚያ ከመሪው ወርዳ ፍሪጁ ፊት ተንበረከከች። የምታየው አረፋዋን አልነበረም፤ የትሪውን ውሃ ነበር። ውሃው ከጥጉ ተነስቶ ወደ መሃል መጣ፤ የደቡቡ ጥግ ግን ገና ደረቅ ነው። ሌላ ጣውላ አስጨመረች።

ሰዉ ዳሱ ሥር ተሰብስቧል። ዴልማር በሆዱ ተኝቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ምናልባትም ያንን ጩኸት ለዓመታት ሰምቶት አፉ ለምዶት ይሆናል፣ ከጎማው ሥር ጮኸ።

«ካናዳ ወይስ ሜክሲኮ?»

ላቮን ትሪውን አየች። ውሃው ትሪውን ከጥግ እስከ ጥግ እኩል አልብሶታል። ቀና አለች። አረፋዋ መሃሉን ለቃ፣ ግማሿ መስመሩን አልፋ፣ በየዓመቱ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣለች።

«ትንሽ ወደ ካናዳ» አለች።

ዴልማር ቀጥሎ የሚባለውን አያውቅም ነበር።

«በቃ በለኝ እንጂ፣ አንተ ቧንቧ። እዚያው ላይ በለኝ።»

«በቃ፣ እዚያው ላይ» አለ ዴልማር፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

ግሬም ደግ ሰው ነው፤ ወዲያው ቱቦዋን ፍቄ ቀጥ አድርጌ ልለጥፍልሽ አላት። ላቮን እንዳትነካት አለችው። «የሷን ጠማማነት አውቀዋለሁ» አለችው። «አንተ የምትለጥፋትን ግን ገና ላጠናት ነው።»

ያን ቀን ፍሪጁን ማንም እንዳይከፍት ተከለከለ። ኒታ ወደ ዘበኝነቷ ተመለሰች። ላቮን ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ከዚያ ነጭ በር ላይ አልተነሳም፤ ሊጡን እንደገና ጋግራ ለሰፈሩ አደለች፤ ፓንኬኮቹ ክብ ነበሩ። ኒታ አንዱን አንስታ ለብርሃን አዙራ አየችው፤ አይዳሆ ጠፋች ብላ አዘነች።

ማሪት በማግስቱ ከቀትር በፊት ደረሰች። የኪራይ መኪናዋን አቁማ እናቷን አቅፋ፣ ጎረቤቶቹን በየስማቸው ሰላም ብላ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ውስጥ ገባች። ዴልማር ዳሱ ሥር ምንም ያልላላ ብሎን ያጠብቅ ጀመር። ግሬም ውሻውን ለሦስተኛ ጊዜ አዞረ። ኒታ ብቻ ሳትደበቅ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አየቻቸው።

ማሪት የፍሪጁን በር ከፍታ እጇን አስገባች። ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር አወጣች፤ ፍሪጁ ውስጥ ያደረ አንድ ብርጭቆ ውሃ አገኘችና ቴርሞሜትሩን እዚያ ውስጥ ከታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ እንደ ነርስ እጇን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀች። ላቮን ይህን ዝምታ ልትቋቋመው አልቻለችም፤ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ስለ ሸረሪቷ፣ ስለ መገልበጡ፣ ስለ በረዶው ከረጢት ሳይቀር፤ በመጨረሻም ስለ አባቷና ስለ ውሃ ልኩ።

ማሪት ፈገግታዋን እየዋጠች ሰማቻት። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ ያችን ቱቦ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ማሪት ያደገችው አባቷ በእጁ በሠራው ቤት ነው።

«እማዬ» አለች ዞር ብላ። «የኔ መኝታ ቤት በር ሁልጊዜ በራሱ ይከፈት የነበረው...»

«እኔ ምንም አላውቅም» አለች ላቮን። «አባትሽ ንፋስ ነው ይል ነበር።»

ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ፤ ውጭ ያሉት ምክንያቱን ሳይሰሙ ሳቁ። ማሪት ተመልሳ ፍሪጁን ከፈተች፣ ቴርሞሜትሩን አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን አነበበችው፣ አራግፋም ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ከዚያ ወደ ኒታ ሄዳ መድኃኒቱን በፎጣ እንደተጠቀለለ ይዛ መጣች፤ ፎጣውን ፈታ እያንዳንዷን ጠርሙስ በእጇ መሃከለኛው መደርደሪያ ላይ ደረደረች። ኒታ ከውጭ ሆና፣ እንግዲህ የዴልማር ትል ወደ ቤቱ መግባት ይችላል አለች። ዴልማር ብሎን ማጥበቁን ተወ።

ማታ ማሪት ተዘርግቶ አልጋ በሚሆነው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ተኛች። ጠዋት ስትነሳ እናቷ ፓንኬክ ትጋግር ነበር። ማሪት ዓይኗን እያሸች ፍሪጁን ከፈተች፣ ወተቱን አውጥታ በብርጭቆ ቀዳች፣ በቁሟ አንድ ጊዜ ጎነጨችና ፊቷን አኮማተረች።

«እማዬ፣ ይሄ ወተት ጥርሴን አሳመመኝ።»

ላቮን ፓንኬኩን ገለበጠችው። «ደግ አደረገ» አለች።